ነፋሱን ማን ይጫነው?

ቅዳሜ ማለዳ፣ ውርጭ ሣሩን ሳይለቅ፣
አይሱዙ መጣ ጠባሴ፣ ቡድኑን ሊነጥቅ።
ኳሶቹን በማዳበሪያ ከረጢት አሰሩ፣
አግዳሚዎቹን ገልብጠው ደረደሩ፣
የዳኛውን ጠረጴዛ፣ ደወሉን፣ ጀሪካኑን፣
ተጠባባቂ የሚከናነበውን
ከሱፍ ፋብሪካው የተጣለ፣ ጠርዙ የተንሻፈፈ ብርድ ልብሱን።

«ይኸስ?» አለ ጫኙ ቁጥሮቼን አይቶ፤
ከዜሮ እስከ ዘጠኝ፣ ቆርቆሮ፣ ጫፉ በዝገት ተበልቶ።
«እዚያ በመብራት ነው፣ ራሱ ይቆጥራል፤
እሱን ተወው» አሉት፣ «ምን ያደርግልናል?»

መሰላሌን ይዤ ቆምኩኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት በሷ ስወጣ ስወርድ
ነጥብ የሰቀልኩት በዝናብ በብርድ።
ስድስት ቁጥር ጠፍታ
(የሰው ዶሮ ቤት ላይ ተመትታ ኋላ አየኋት)
ዘጠኝን ገልብጬ «ስድስት ነሽ» አልኳት።
ስልሳ ዘጠኝ ያገባን ቀን ብቻ ጉድ ሆንኩኝ፤
አንዷን በከሰል ጽፌ ዳኛውን ተለማመጥኩኝ።

ቀለበቱን የበየደው ወንድይፍራው ነበር፣
ከአሮጌ የሽመና መኪና፣ ከተጣለ መዘውር።
ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንድ ጣት ያህላል፤
የኛ ልጅ ያውቀዋል፣ እንግዳ ይስታል።

ነፋሱ ደግሞ አለ።
አሥር ሰዓት ሲሆን ከጣርማ በር ተነስቶ፣
ባሕር ዛፉን አጎንብሶ፣ የአጥሩን ቆርቆሮ መትቶ
ሜዳ ይገባል ሳይከፍል፣ እንደ ሰፈር ልጅ።
የአዳማ ተጫዋቾች እጃቸውን በብብታቸው ቀብረው
«ይኸ ግጥሚያ ነው ወይስ ቅጣት?» ሲሉ
ረዥሙ ጎርፉ ኳሷን ወደ ባሕር ዛፉ ይልካታል፣
ወደ ማንም፣ ወደ ምንም፤
ነፋሱ አየር ላይ ተቀብሎ
ቀለበቱ ውስጥ ያስቀምጥለታል።

ሽታዬ ትስቅ ነበር፣ አሹቋን እየሰፈረች፣
«ስድስተኛው ተጫዋች ደመወዝ ይከፈለው!» እያለች።
አይሱዙው ሲነሳም እሷው ናት የጮኸች፦
«ነፋሱን ማን ይጫነው?»
ሹፌሩ ሳቀ።
እሷ ግን በዚያን ቀን አልሳቀች።

መሀል ከተማ፣ ከባንኩ ጎን፣ አዳራሹ ተሠራ፤
ጣሪያው ከሰማይ የሚስተካከል፣ ወለሉ እንደ መስተዋት የጠራ።
ቆንጆ ነው፣ ምን እዋሻለሁ። ወንበሩ መደገፊያ አለው።
ሽንት ቤቱ ውሃ አለው።
በሩ ላይ ግን ሽታዬን «ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አሏት፤
ሳፋዋን ታቅፋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ
ጨዋታውን በጆሮዋ አየች።

እኔ ገባሁ። ሃምሳ ብር ከፍዬ።

ጎርፉ ኳሷን ያዘ። ዘለለ።
እጁ የለመደውን አደረገ፤
ወደ ሌለው ባሕር ዛፍ ላካት።
ሄደች፣ ሄደች፣ የሚመልሳትን ጠብቃ፣
ከቀለበቱ ሁለት ክንድ ርቃ
ወደቀች፤ ነጠረች ባዶው ጥግ ውስጥ።
ሕዝቡ «ኤዲያ!» አለ። ጎርፉ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።
እኔም ሳላስበው ተነስቼ
መሰላሌን ፈለግሁ።

በስንት እንደተሸነፍን ሰሌዳው ያውቃል።

ይለምዳሉ ኋላ። ጎርፉም ይለምዳል፣
ባይለምድ ሌላ ረዥም ይመጣል፤
ቡድን እንዲህ ነው።
ጠባሴ፣ ሜዳው ላይ ብሎኬት ተከምሯል፤
ቀለበቱ ግን አለ፣ አንድ ጣት አዘንብሎ።
«ይሞክሩት እስቲ» ይላል ወንድይፍራው፣ «እኔ የበየድኩትን ማን ነቅሎ!»

ቁጥሮቼን ቤቴ ወስጄ አጥሬ ላይ በሽቦ አንጠለጠልኳቸው፤
አንዷን፣ ስድስትም ትሁን ዘጠኝ፣ እንዳሻት ብዬ።

ትናንት ሌሊት መጣ፣ ከጣርማ በር።
ሲንኳኩ፣ ሲገላበጡ አደሩ።
ጨዋታ አለ ማለት ነው።
ስንት ለስንት እንደሆኑ ወጥቼ አላየሁም፤
ብርድ ነው።